ትራስ ሥር የከረመው ዳቦ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ሰኞ፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት

ለምወድሽ ጓደኛዬ ለሠናይት፣

በመጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆመሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ስንት ጊዜ ቢቆጣሽም ደብዳቤ የምታነቢው በር ላይ ቆመሽ ነው። ይህን ያመጣልሽ አቶ ተክለብርሃን የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከጎንሽ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ፤ ስለዚህ ልጅቷ ሻይ ታፍላለት፣ አንቺ ግን ከወንበርሽ ንቅንቅ እንዳትዪ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ዕቃም ይዟል። እሷን እኔ ፍቺ እስክልሽ ድረስ እንዳትነኪያት።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪኛለሽ። ባለፈው ሳምንት ደውለሽ ዶሮ ተወደደ፣ ቅቤ ተወደደ ስትዪኝ እኔ "እህ፣ እህ" እያልኩ ምላሴን ነክሼ ነው የዘጋሁት። አገራችን ለሞት ሥርዓት አላት። መርዶ ሲነገር ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው ይዘጋጃል፣ በስልክ የሚያረዳ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ለዚህኛው ዓይነት ወሬ ግን አያቶቻችን ምንም ሥርዓት አላበጁለትም፤ አጋጥሟቸውም አያውቅ ይሆናል። ስለዚህ እንደመሰለኝ አደረግኩት፤ ሰው ላክሁብሽ። አይዞሽ፣ ማንም አልሞተም።

የዕንቁ ነገር ነው።

አዎ፣ የእኛዋ ዕንቁ። በስልሳ ዘጠኝ ከቤቷ ወስደዋት የት እንዳደረሷት ሳይታወቅ የቀረችው፤ እናቷ ሬሳዋን ሳያገኙ አልቅሰው አልቅሰው ያረፉባት፤ ሲሞቱም "ስሟን አደራ" ብለው ላንቺ የተዉልሽ። አደራውንም አልበላሽም። በየዓመቱ ቄሱ ዘንድ እየሄድሽ የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ሰንበትን፣ ከሙታን ጋር ታስጠሪያለሽ። እዚህ አንዲት አሮጊት አሉ ተብዬ፣ እሷ ትሆን ይሆን እያልኩ ነው የጾሙን መጨረሻ ልቤ ተንጠልጥሎ የከረመው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርሽ። መጨረሻውን ገልጠሽ እንዳታዪ ደግሞ፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ነገሩ በዳቦ ነው የጀመረው። ልጄ ማዕዶት እዚህ ፌርፋክስ ላይ የከፈተቻትን ኬክ ቤት በፎቶ አይተሻታል። እኔ ጠዋት ጠዋት ሊጥ አቦካለሁ፣ እሷ የቀረውን ትሠራለች። ዘንድሮ የፈረንጆቹ ፋሲካና የእኛ አንድ ቀን ስለዋለ፣ "ማሚ፣ ሆት ክሮስ በን ብንጋግር ይሸጣል" አለችኝ። ምንድን ነው እሱ ብላት ስልኳን አሳየችኝ። ሠኒ፣ የእንግሊዟ አስተማሪያችን የሚስ ፔምበርተን የመስቀል ዳቦ ነው። ዘቢብና ቀረፋ ያለበት፣ አናቱ ላይ በነጭ ሊጥ መስቀል የተሠራበት፣ ራሱ ነው።

እኔም አዋቂነቴን ላሳያት ብዬ፣ "እሱንማ አውቀዋለሁ። እንግሊዞች እንደ ድንጋይ አድርቀው ነው የሚበሉት" አልኳት።

"ኖ ማሚ፣ ሶፍት ነው። ቪዲዮውን እዪው፤ ፕሬስ ሲያደርጉት ተመልሶ ይነሳል።"

"እኔ በእጄ ይዤዋለሁ እኮ። የአልጋ ብረት ላይ ስንመታው ብረቱ ነበር የሚጮኸው።"

"ኦኬ፣ ግን ዳቦ ለምን አልጋ ላይ ትመታላችሁ?"

ይህን ስትለኝ ነው ነገሩ የበራልኝ። ለካ ሚስ ፔምበርተንን ይህን ሁሉ ዘመን ሳማት ኖሬያለሁ። እዚህ ለስንቱ ሰው "የእንግሊዝ ዳቦ ጥርስ ይሰብራል" ብዬ አውርቻለሁ። ዳቦዋ ድንጋይ አልነበረም። ድንጋይ ያደረግነው እኛው ነን።

መቼም አትረሺውም። አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት፣ ስልሳ ስድስት፣ መንገዱ ሁሉ ታውኮ ለፋሲካ ወደየቤታችን መሄድ አቅቶን ደብረ ብርሃን አዳሪ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቀረን። ያቺ ረጅሟ የባልትና አስተማሪያችን አዘነችልን መሰለኝ፣ በስቅለት ዕለት ትሪ ሙሉ የመስቀል ዳቦ ይዛ መኝታ ክፍላችን ድረስ መጣች። ያን ዓመትም የእነሱ ስቅለትና የእኛ ስቅለት አንድ ቀን ውሎ ነበር። በእሷ አገር የስቅለት ዕለት የሚበላው ይኸው ነው፤ ለእሷ ሥርዓቷን መፈጸሟ ነው። እኛ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ያልቀመስን፣ ስንሰግድ ውለን ጉልበታችን የከዳን ልጆች ነን። ዳቦው ቅቤ አለበት፣ እንቁላል አለበት፣ ወተት አለበት። ሽታው ግን እግዚኦ ያሰኝ ነበር።

እምቢ ብንላት ታዝናለች፣ ብንበላ ጾም እንሽራለን። "ቴንክ ዩ፣ ሚስ" እያልን ተቀበልናት። ደወል ተደውሎ ዞር ስትል ዕንቁ ናት መጀመሪያ የራሷን ትራሷ ሥር የከተተችው። እኛም ተከተልናት።

የትንሣኤ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ትራሳችንን ስንገልጥ የደብረ ብርሃን ብርድ ሥራውን ሠርቷል። አንቺ ልትነክሽ ሞክረሽ "ጥርሴን" ብለሽ ጮኽሽ። ዕንቁ ያኔ ነው የራሷን አንስታ የአልጋውን ብረት ሦስት ጊዜ ያንኳኳችው። እንደ ሽማግሌ ድምጿን አወፍራ፣ "ቤቶች፤ ሚስ ፔምበርተን አለች?" አለች። እኔም ከወዲያኛው አልጋ፣ "የለችም፤ ወተት ልትገዛ ሄዳለች" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺ መሬት ላይ ተንከባለልሽ። ዕንቁ ያቺን የተሸረፈች የፊት ጥርሷን በግራ መዳፏ ሸፍና ሳቀች፤ ጥርሷን ታፍርባት ነበር። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከርን በላነው። ከዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

በዓመቱ ሚስ ፔምበርተን አገሯ ገብታ ነበር። ዕንቁ ከከተማ ዳቦ ገዝታ፣ በቢላ መስቀል ቀርጻበት፣ ትራስ ሥር አክርማ ያንኑ ደገመችው። "አለች?" "የለችም፤ ወተት ልትገዛ ሄዳለች።" ያን ዓመት ግን ሳቃችን አጭር ነበር። የኋላውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ይህን ለማዕዶት ስነግራት ናዝራዊት አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። ናዝራዊት ግሌንዴል በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሽተኛ የምትንከባከብ ልጅ ናት። ጴንጤ ናት፣ በእኔ ጾም ትቀልዳለች፣ እኔም በእሷ መዝሙር እቀልዳለሁ፣ እንዋደዳለን። ስትስቅ ቆየችና ድንገት እንዲህ አለችኝ።

"እትዬ ሥርጉት፣ እኛ ጋ አንዲት ሐበሻ ፔሸንት አለች። ሚስ ካሣዬ ነው የምንላት። ሜሞሪዋ ሄዷል፣ ማንም ቪዚት አያደርጋትም። ስትስቅ ልክ እንደዚህ ታደርጋለች።" በግራ መዳፏ አፏን ሸፈነች። "ጥርሷ እኮ ፌክ ነው፣ አዲስ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።"

"አፉን የሚሸፍን ሰው ብዙ ነው" አልኳት። አልኳት እንጂ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ።

በማግስቱ ማዕዶት ወሰደችኝ። ያገኘኋት ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ፣ ጉንጯ የገባ፣ በመስኮት መኪና ሲገባና ሲወጣ የምታይ አሮጊት ናት። ዕንቁን ፈለግኩባት፤ ያቺን ኮረብታውን በሩጫ ወጥታ ከላይ ሆና "ኤሊዎች" እያለች የምትሰድበንን ዕንቁ። አላገኘኋትም። ካሣዬ ስላት ቀና ትላለች፤ ዕንቁ ስላት ወደ መስኮቷ ትዞራለች። ሠናይትን ታውቂያታለሽ ወይ ስላት "እሺ" አለችኝ። ደብረ ብርሃንስ ስላት "እሺ።" ለሁሉም እሺ ነው። ደህና በነበረች ጊዜ ለናዝራዊት የነገረቻት፣ የጎንደር ሰው መሆኗን፣ በሱዳን በኩል መምጣቷን፣ ኮሪያታውን ሰፈር ከሰው ጋር ቤት ተጋርታ መኖሯን፣ ዕድሜዋንም ፓርኪንግ ውስጥ ስትሠራ መጨረሷን ነው። የእኛዋ ደግሞ የመንዝ ልጅ ናት።

ስወጣ ናዝራዊት እስከ በሩ ሸኘችኝ። "እትዬ ሥርጉት፣ ሶ፣ ቶሎ ተስፋ አታድርጊ እሺ? ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ዝም ስለሚል ሁሉም የጠፋበትን ሰው እሱ ላይ ያያል። እኔም ሟች አክስቴን አይቼባታለሁ።"

እውነቷን ነው። ግን መመላለሴን አልተውኩም። ፍርሃቴ ሁለት ነበር። ሳትሆን ዕንቁ ናት ብዬ ብነግርሽ በዚህ ዕድሜሽ ዳግመኛ ላስቀብርሽ ነው። ሆና ሳላውቃት ብቀር ደግሞ በሰው ስም ትቀበራለች፤ አንቺም ሕያዊቱን ከሙታን ጋር ስታስጠሪ ትኖሪያለሽ። ማዕዶት ዲኤንኤ እናስደርግ አለችኝ። ከማን ጋር? እናቷ ሌላ አልወለዱ፤ እሳቸውም አፈር ሆነዋል።

ለሆሣዕና ዳቦውን እንጋግርላት አልኩ። የሰው ነገር በአፍንጫ በኩል ይመለስ ይሆናል ብዬ። በዘይትና በአኩሪ አተር ወተት የጾም አድርገን፣ በቪዲዮው መሠረት፣ ዘቢቡን ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ዘፍዝፈን፣ መስቀሉን ጫፉ በተቆረጠ ፌስታል ጨምቀን ሠራነው። እውነትም እንደ ጥጥ ሆነ። ገና ትኩሱን ወሰድኩላት። በላች፣ ጣቷን ላሰች፣ "ቴንኪው" ብላ ወደ መስኮቷ ዞረች። ይኸው ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ማዕዶት መንዳቷን ትታ ጥግ ላይ ፓርክ አደረገችና፣ "ማሚ፣ በቃ። ባትሆንም ጠይቀሻታል፣ ሰው አድርገሻታል። ኢናፍ ነው" አለችኝ። ልክ ናት ብዬ ልተወው ወሰንኩ።

ጸሎተ ሐሙስ ማታ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ልተወውም ከሆነ አንድ ጊዜ ሚስ ፔምበርተን እንደሠራችው ሠርቼ ልተወው አልኩ። ቅቤ አወጣሁ፣ እንቁላል አወጣሁ።

ማዕዶት ዓይኗን አፈጠጠች። "ማሚ፣ ነገ እኮ ስቅለት ነው። ፍስክ ልትጋግሪ ነው?"

"ሕመምተኛ ጾም የለባትም።"

"አንቺስ ሳትቀምሺ እንዴት ታውቂዋለሽ?"

"ሚስ ፔምበርተን ታውቀዋለች" አልኳት።

አርብ በማለዳ፣ አንድም ነገር ሳልቀምስ፣ ጨዉንም በግምት ጨምሬ ጋገርኩ። ምድጃው ሲከፈት የወጣውን ሽታ ምን ብዬ ልንገርሽ። ቅቤው፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ አንድ ላይ መጣብኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ የተላጠው ቀለም፣ የአንቺ ሰማያዊ ሹራብ፣ ከውጭ የሚሰማው የደወል ድምፅ፣ ሁሉም ቦታው ላይ አለ። እኔ ረስቼዋለሁ ስል አፍንጫዬ ምንም አልረሳም። ፈጣሪ ይህንን ሁሉ በአንዲት አፍንጫ ውስጥ አጥፎ ሲያስቀምጥ እኛ በጉንፋን ጊዜ ብቻ ነው የምናስባት። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት። ክፉ ፍርሃት አይደለም፤ መቅደስ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ የሚመጣው ዓይነት ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ግሌንዴል ደረስኩ። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። "በይ ብዪ" አልኳት። "እኔ አልበላም፤ ዛሬ ስቅለት ነው።" እንዲሁ ለወጉ ያህል ነበር ያልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ቀና ብላ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ፣ "ቴንክ ዩ፣ ሚስ" አለችኝ። እኔ ደንቆሮዋ ናዝራዊትን መስያት ነው ብዬ አለፍኩት። ሰዓቱም ረፍዶብኝ ነበር። የት እንዳስቀመጠችው ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

እሑድ፣ የትንሣኤ ጠዋት፣ ቅዳሴ አድሬ መጥቼ ጋደም እንዳልኩ ናዝራዊት ደወለች።

"እትዬ ሥርጉት፣ እንኳን አደረሰሽ። ኢመርጀንሲ አይደለም፣ ግን ነይ። አንሶላዋን ቼንጅ ሳደርግ ዳቦሽን አገኘሁት። አልበላችውም። አርብ ዕለትም ምሳዋን እምቢ ብላ ነበር አሉ። ደርቋል፣ ልጥለው ስል እጄን ይዛ ታገለችኝ። እሷ እኮ ከማንም ጋር ታግላ አታውቅም።"

"የት ነው ያገኘሽው?"

"ትራሷ ሥር።"

ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኳት። ደግማ ነገረችኝ። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም ነበር፣ እንደነበርኩ ወጣሁ። ማዕዶት ነዳችልኝ።

አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ዳቦው ጭኗ ላይ ነው፤ እጇን ጭናበታለች። ናዝራዊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ መግባት ፈራሁ። "ዛሬ ትንሣኤ ነው። እንኳን አደረሰሽ" አልኳት። ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ዳቦውን አነሳችና የአልጋዋን ብረት ሦስት ጊዜ መታችው። ብረቱ ጮኸ፣ ሠኒ። ልክ እንደዚያ ጮኸ። ድምጿን አወፈረችና፣

"ቤቶች፤ ሚስ ፔምበርተን አለች?" አለች።

ናዝራዊት "ሚስ ማን?" አለች። እኔ ፊቷን ብቻ አየሁ። እሷ ጠበቀች፤ ሳልመልስላት ስቆይ ተቆጣችና እንደገና አንኳኳች፣ በር እንደዘጉበት እንግዳ። ያን ጊዜ ከየትም ከየትም አምጥቼ፣ "የለችም" አልኳት። "ወተት ልትገዛ ሄዳለች።"

ሳቀች። ግራ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ፣ የሌለችውን የተሸረፈች ጥርስ ሸፍና ሳቀች። ፀጉሯ ተለውጧል፣ ጥርሷ ተለውጧል፣ አገሯና ስሟ ተለውጧል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። በዚያ በተወለወለ ወለል ላይ ሰገድኩ። ናዝራዊትም "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" እያለች አብራኝ ወደቀች፤ የማን ጾምና የማን መዝሙር እንደሆነ ያን ሰዓት የለየ የለም።

አንቺ መቼም ተጠራጣሪ ነሽ፣ ስለዚህ ይህንንም ጠይቄልሻለሁ። ጠጋ ብዬ፣ "የክርስትና ስምሽን ማን ልበል?" አልኳት፣ እንደ ካህን። ጎንበስ ብላ፣ ሳታስብ፣ "ወለተ ሰንበት" አለችኝ። እዚህ አገር ይህን ስም ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከእኔ፣ ከአንቺና ከቄሱ በቀር የሚያውቀውም በሕይወት የለም።

ዕንቁ ናት። ጻፍኩት፤ አሁን ውሃ ጠጪ።

ሌላም አለ። ወዲያው ፊቷን አዙራ ክፍሉን ቃኘችና፣ "ሠኒስ? ነከሰችው እንዴ?" አለች። አንቺን ነው የጠየቀችው። እኔን አላወቀችኝም። ዛሬም አታውቀኝም። "እትዬ" ነው የምትለኝ፤ ነጠላ ያጣፋች የጎረቤት አሮጊት አድርጋ ይዛኛለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ከወዲያኛው አልጋ የመለስኩላት እኔ ነበርኩ። ይሁን፤ የሁለታችንንም ድርሻ አንቺ ብትወስጂው አልከፋም፣ ያለቀስሽላት አንቺ ነሽ።

አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር ይኼ ነው። የዚህ ከተማ ሰው ሆኜ ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነው፤ እሷም እንደዚያው። ናዝራዊት እንዳለችው ከሠራችባቸው ፓርኪንጎች አንዱ ከእኛ ኬክ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ነው። ስንት ጊዜ ትኬቴን ከእጇ ተቀብዬ ይሆን? ስንት ጊዜ "ቴንኪው" ብላኝ ሳልሰማት መስኮቱን ዘግቼ ይሆን? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ለካ ይህ ነው። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ አስቀምጧት፣ ለማገናኘት የመረጠው ግን የሚስ ፔምበርተንን ዳቦ ነው። ለምን እንደሆነ አልመራመርም። ሥራው ግሩም ነው ብዬ ዝም ብያለሁ።

ለምን አልጻፈችልንም ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። እኔም ጠይቄያለሁ፣ ለራሴ። በአገር ቤት እናት ነበራት፣ እኛ ነበርን፤ መኖሯ ቢሰማ የሚደርስብንን ፈርታ ይሆናል። ኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አስሯት ይሆናል። መልሱ ከትዝታዋ ጋር ሄዷል፤ አንቺም እንዳትጠይቂያት። ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር ይሰማኛል። ካሣዬ የምትባል ሴት አንድ ቦታ ነበረች። የጎንደር ልጅ፣ በዚያ በረሃ የቀረች ሴት፣ ወረቀቷ ለዕንቁ የተረፈላት። እሷንም የሚጠብቃት ሰው ነበር ይሆናል።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህንን ነው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ቄሱ ዘንድ ሂጂ። ወለተ ሰንበትን ከሙታን ያውጡልን። በሕሙማን ጸሎት፣ በሕያዋን መካከል ይጥሯት። እናቷ መቃብር ላይም ደርሰሽ፣ ሰው ቢስቅብሽም ግድ የለም፣ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። ከሙታን መካከል የለቀቀችው ቦታ ደግሞ ባዶ አይቅር። ካሣዬን አስጠሪበት። የክርስትና ስሟን አላውቀውም፤ ቄሱ እንዴት እንደሚያደርጉት ያውቃሉ፣ ባያውቁም ጠሪው ያውቃታል።

ከዚያ አገናኛችኋለሁ። ናዝራዊት ቪዲዮ ኮሉን ክረምት እስኪገባ አታቆዩት ብላኛለች። ለምን እንዳለች አልጠየቅኳትም፤ አንቺም አትጠይቂኝ። አቶ ተክለብርሃን አንብበሽ ስትጨርሺ ይደውልልኛል፤ ቀንም ይሁን ማታ ወደ ግሌንዴል እሄዳለሁ። ትራፊክ ከያዘኝ ትንሽ ታገሺኝ። ሰላምታ አታብዢባት፣ ማንነትሽንም አታስረጃት፣ ይቅናሽና እንዳታለቅሺባት። ልቅሶውን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከተክለብርሃን ጋር አልቅሺ፤ ለዚሁ ነው የላክሁት።

አሁን ጥቅሉን ፍቺ። የዳቦዋ ግማሽ ነው፣ ያንቺ ነው። ትናንት በዳግማይ ትንሣኤ በመጋዝ ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ሌላው ግማሽ ትራሷ ሥር አለ፤ ናዝራዊት ለአለቆቿ ምን ብላ እንዳስፈቀደች እሷ ታውቃለች። እንዳትነክሺው፤ ጥርስሽ ያኔም አልቻለውም። ሻይ ውስጥም ገና አትንከሪው። ትናንት ነገሩን ገልብጬ እኔ አንኳኩቼ እኔ ጠይቄያት ነበርና የምትመልሰውን አውቄዋለሁ። ፊቷን ስታዪ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኪና ጠይቂያት።

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ደምሽን ረጋ ያድርግልሽ፣ ለዚህ ቀን ያቆየን ጌታ ለዚያችም ሰዓት ያብቃሽ። የልጆችሽን ጉንጭ ሳሚልኝ።

ከወዲያኛው አልጋ፣
ሥርጉትሽ

ሳልነግርሽ እንዳልረሳ፤ ትናንት ያለችኝ ይህንን ነው፦ "የለችም፤ ወተት ልትገዛ ሄዳለች። እስክትመጣ ግን ግቢ።"